ሃያ አንደኛው ቀን እሑድ ዋለ

ሰኞ ዕለት ገቡ፣ አሥራ ስምንት ሆነው፤
ሁሉም ሰማያዊ፤ የቺሎዌ ዶሮ የምትጥለው ይህንን ነው።
መምህርት ኢስሜንያ በእርሳስ ምልክት አደረጉ፣
በአንዱ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ፣ ሲያገላብጡ እንዳይዘነጉ።
ናያዴት በአፍንጫዋ መስታወቱን አደበዘዘች፣
«እናታቸውስ የታለች?» አለች።
መልስ የሰጣት የለም። እኔ በሩ ጋ መጥረጊያዬን ይዤ ነበር፤
እኔም መልሱ የለኝም፣ አርባ ዓመት ከዶሮ ጋር ስኖር።

ቤቴ ያለችው ትታቀፋለች፣ ማንም ቀን ሳይቆጥርላት፣
ቴርሞሜትር የላት፣ የውሃ ሳህን የላት፤
ሃያ አንድ ቀን ተቆጥታ ትቀመጣለች፣
ከዚያ አንድ ማለዳ ልጆቿን አስከትላ ትወጣለች።
ይህን ሳጥን ንቄው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።
ግን ማታ፣ ሁሉም ሲሄድ፣ ቁልፉን ሳዞር፣
ቀይዋን መብራት አየሁ፣ ላቡን በመስታወቱ ላይ፤
እንደ ታመመ ልጅ ሞቅ ብሎ ይተነፍሳል።
«ደህና እደር» አልኩት። ማን ሊያይ?

ሰኞን አንድ ብለው ሲጀምሩ ማንም ልብ አላለ፤
ሃያ አንደኛው ቀን እሑድ ዋለ።
መምህርቷ ከባሕሩ ማዶ ናቸው፤ ነፋሱ ጀልባውን ቅዳሜ አሠረው፣
ዝናቡም ቆርቆሮውን በጠጠር ሲወግረው
ስልክ ደወሉልኝ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፦
«ዶን ሮሳሜል፣ ውሃው እንዳይደርቅ! ክዳኑን ግን እንዳይከፍቱት!»
መስመሩ ተቋረጠ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ የሁለተኛ ክፍል ወንበር ነው፣
ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምን ቀረው።
ትምህርት የተውኩት በዚህ ወንበር ልክ ሳለሁ፣
አባቴ ለዓሣ ሲወስደኝ፤
እና ዛሬ፣ በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ ተመልሼ ተቀምጫለሁ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አንዱ እንቁላል ተናገረ።
ከውስጥ። ገና ሳይሰነጠቅ፣ ቅርፊቱ ሳይጫረ።
ዶሮዬ ሥር ይህን ሰምቼ አላውቅም፤ ላባዋ ይሸፍነዋል፤
ለካ ሳይወለድ ያወራታል።
ሌላው መለሰለት። ከዚያ ሦስተኛው።
ከዚያ ሰማያዊው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ኮከብ፤
ከኮከቧ ሥር ምንቃር፣ ጫፉ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለች ጥርስ።
ይታገላል፣ ይተኛል። ይታገላል፣ ይተኛል።
እጄ ሁለት ጊዜ ወደ ክዳኑ ሄደች፣
ሁለት ጊዜ ራሷ ተመለሰች።
በጥፍሬ አንዴ ብነካው በቀለለለት ነበር፤
ግን ዶሮ ስትረዳ አላየሁም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ከመናገር በቀር።
ስለዚህ ተናገርኩ። ምን ልበል? የጀልባዎቹን ስም ጠራሁ፣
ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ድንች ዋጋ፣ ስለ ሟች ሚስቴ አወራሁ።

ሰው «ቀስ በቀስ» ይላል ስለ እንቁላል ሲተርት፤
እኔ ያየሁት ግን ድንገት ነው፤ ሲነጋጋ፣ ቆቡን ጥሎ ወጣ ጫጩት፣
እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ ጎርፍ የተፋው ጨርቅ፣
ወንድሙ ላይ የሚደገፍ፣ ደግሞ የሚወድቅ።
እሑድ ሲመሽ አሥራ አንድ ነበሩ፤ ደርቀው፣ ተነፍተው።
ሰባቱ ዝም እንዳሉ ናቸው።

ሰኞ ጀልባው መጣ። ልጆቹ ሮጠው ገቡና ቆሙ፤
«ሳናያቸው?» አለች ናያዴት፤ እንባዎቿ ቀደሙ።
መምህርቷ ሰሌዳውን አዩ፣ ቀኖቹን በጣታቸው ቆጠሩ፣
ጆሯቸው ቀላ፤ ወደ እኔ፣ ወደ በሩ ዞሩ።
«ያየ ሰው አለ» አሉና ጠመኔ አስጨበጡኝ።
እዚህ ክፍል የማውቀው ወለሉን ነው፤
ሃያ ሁለት ዓመት ስጠርገው «ተናገር» ያለኝ የለኝ።

ክብ ሣልኩ፣ ጠማማ ክብ፤ በላዩ አንዲት ነጥብ።
«ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ...» ስል ገና፣
አሥራ አንዱም እየተጋፉ፣ እየወደቁ፣
እኔ ወደ ቆምኩበት ጎን፣ እስከ መስታወቱ ዘለቁ።
ወደ መስኮቱ ፈቀቅ ብዬ ተናገርኩ። ተከተሉኝ።
ናያዴት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤
«ውይ! እናታቸው ለካ ጢም አላት!» አለች።

ስለ ሰባቱ ማንም አልጠየቀኝም።
ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከማገዶው ክምር አጠገብ፣ በማንኪያ ቆፍሬ
አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። ዝናቡ ቆሞ ነበር፣ ጥርት ብሎ ሰማይ፤
ክቡን ወደ ታች፣
መስቀሉን ወደ ላይ።